ተማሪ ወደ መምህር፣ መምህር ወደ ተማሪ፤ በጎንደርና በሰሜን ደጋ ስላሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪካዊ ንጽጽር

ሁለት ትምህርት ቤቶችን ማነጻጸር ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። የተማሪውን ቁጥር፣ የመምህሩን ቁጥር፣ የክፍሉን ብዛትና የፈተናውን ውጤት ጎን ለጎን ጽፎ ብልጫውንና ጉድለቱን መናገር የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰውን፣ ከዚያም ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ በየዳና ወደ ጠለምት የሚዘልቀውን አገር ለሚመረምር ሰው ጥያቄው ይከብዳል። ሁሉም በአንድ ሥርዓተ ትምህርት የሚመሩ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ የተመደበላቸው፣ በአንድ ቋንቋ የሚያስተምሩ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እንዲህ ሆነው ሳለ ከአንደኛው የወጣው ልጅ አንብቦ ሲረዳ፣ ከሌላኛው የወጣው ፊደል ለይቶ ለማንበብ የሚቸገርበት ምክንያት ምንድን ነው?

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ መልሱን በዘመኑ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ መፈለግ ነው። ጎንደር የትምህርት አገር ሆና የኖረችው ለብዙ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ዘመናዊው ትምህርት በደጋዋ ላይ የተስፋፋው ዘግይቶና እየተቆራረጠ ነው። ምክንያቱ የሕዝቡ ትምህርት መጥላት እንዳልሆነ ከዚህ በታች ይታያል። ዋናው ነገር በሁለቱ የትምህርት ሥርዓቶች መካከል ያለ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ነው፤ ይኸውም በቀድሞው ሥርዓት ተማሪው ወደ መምህሩ ይሄድ ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓት ግን መምህሩ ወደ ተማሪው መሄድ አለበት። በጽሑፉ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የቀድሞው ሥርዓት

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ግድም ከተማቸውን በጎንደር ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዪቱ የመንግሥት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የሊቃውንት መናኸሪያም ሆነች። የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ የሚታወቀው የመጻሕፍት ትርጓሜ ስልት ሥሩ በጎንደር ነው፤ የታች ቤቱም ስልት በ18ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። አቋቋምም እንደዚሁ በጎንደር በአታ ጸንቶ ኖሯል። ነገር ግን ጎንደር የትምህርቱን ዘርፍ ሁሉ በአንድነት አልያዘችም። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፣ ቅኔ ለመቀኘት ወደ ጎጃም ወይም ወደ ዋድላ መጓዝ የተለመደ ነበር።

ስለዚህ የቀድሞው ትምህርት በጉዞ የሚገኝ ትምህርት ነበረ። ልጁ በመንደሩ ደብር አጠገብ ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳውን ይላል፤ መልእክተ ዮሐንስን በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት ይሻገራል። ዳዊት የደገመ ልጅ እንደ ተማረ ሰው ይቆጠራል፤ አብዛኛውም በዚህ ያበቃል። ከዚያ በላይ የፈለገ ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ከአባት ከእናቱ ተሰውሮም ቢሆን አገር አቋርጦ ይሄዳል። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ለምኖ ያገኘውን ቁራሽ በጎጆው እየተመገበ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል።

የዚህ ሥርዓት የኑሮ መሠረት ልብ ሊባል ይገባዋል። መምህሩ ቤተ ክርስቲያኑ ካለው መሬት በሚያገኘው ድርሻ ይኖራል፤ ተማሪውን የሚመግበው የገበሬው ደጅ ነው፤ ጎጆውንም የሚሠራው ተማሪው ራሱ ነው። ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚላክ ደመወዝ፣ በመኪና የሚጓጓዝ ዕቃ አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ መምህሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ ዝናው ተማሪውን ይጠራል እንጂ እርሱ ተማሪ ፍለጋ አይወጣም። ትምህርቱም ለእያንዳንዱ ተማሪ በየራሱ የሚሰጥ ነው። ልጁ የትናንቱን ሳያደላድል ወደ ነገው አያልፍም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ መምህሩ ደግሞ ሁሉንም በየተራቸው ይሰማል። ሰነፉም ጎበዙም ከመምህሩ ጆሮ አያመልጥም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ከጥቂት የመኳንንትና የካህናት ልጆች በቀር ሴት ልጅ ከዚህ ትምህርት ውጭ ነበረች። የሙስሊሙ ልጅ በቁርኣን ቤት፣ የቤተ እስራኤሉም ልጅ በራሱ ካህናት ዘንድ ይማር ነበር እንጂ ሁሉን የሚያገናኝ የትምህርት ቤት አልነበረም። አብዛኛው ልጅ ያነብበው የነበረው ግእዝ ትርጉሙ የማይገባው ቋንቋ ነበር፤ ሒሳብና የተፈጥሮ ዕውቀትም በዚያ ቤት ቦታ አልነበራቸውም። በዚህም ላይ የከተማዪቱ የመጽሐፍ ሀብት ሁለት ጊዜ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጥለው መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ አስወሰዱ፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አጠፉ። ጉባኤው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ቆመ። መጽሐፉ ቢቃጠል ቃሉ በመምህሩ ልብ ነበረና፣ ተማሪውም ሕንጻውን ሳይሆን መምህሩን ይከተል ነበርና።

የመንግሥት ትምህርት ቤት አመጣጥ

በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ጎንደር ከመናገሻው ከተማ የራቀች፣ የምድር ባቡር የማይደርስባት፣ መንገዷም የበቅሎ መንገድ የሆነ አገር ነበረች። ኢጣልያኖች በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዘው እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆዩ። በእነዚህ ዓመቶች መንገድ ሠሩ፤ ከአስመራ መጥቶ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ በደባርቅና በዳባት በኩል ጎንደር የሚገባው መንገድ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ትምህርትን ግን አላስፋፉም። ለአገሬው ተወላጅ የተፈቀደው ትምህርት በዘር ልዩነት ሕግ የታጠረና ዝቅተኛ ነበረ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላም ከተማሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ተገደሉ። እንግዲህ ከወረራው ዘመን ለትምህርት የተረፈ ነገር ቢኖር መንገዱ ነው፤ ይህም መንገድ በኋላ ትምህርት ቤት የት እንደሚቆም ከወሰኑት ነገሮች ዋነኛው ሆነ።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለትምህርት ትልቅ ግምት ሰጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለብዙ ዓመት በእጃቸው ይዘው ነበር። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ከመሬት ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውልና በትምህርት ቦርድ እንዲተዳደር አደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ እዚያው በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት የሚውል በመሆኑ ብዙ የሚከፍለው አገር ብዙ ትምህርት ቤት የማግኘት ዕድል ነበረው። እንደ በጌምድርና ሰሜን ያለው፣ መሬቱ በርስት የተያዘና አብዛኛው በጋሻ ያልተለካ ጠቅላይ ግዛት ግን በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ቀረ። የበጌምድር ገበሬ እንደ ጎጃሙ ሁሉ የመሬት ልኬታን ርስቱን ከመነጠቅ ለይቶ አያየውም ነበር። ርስቱን ለመጠበቅ ሲል ያደረገው ተቃውሞ ለልጁ ትምህርት ቤት ሊውል ይችል የነበረውንም ገንዘብ ሳያውቀው አሳነሰው።

የመጀመሪያዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጎንደር ከተማ፣ ቀጥሎም እንደ ዳባትና ደባርቅ ባሉት የመንገድ ዳር ከተሞች ተቋቋሙ። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። የዚህ ኮሌጅ ጥቅም የሚያጠያይቅ አይደለም። ነገር ግን ለንጽጽራችን አንድ ነገር ያሳያል፤ ይኸውም በከተማዪቱ ከፍተኛ ትምህርት ሲሰጥ፣ ከመንገዱ የአንድና የሁለት ቀን ጉዞ ርቆ በሚገኘው ደጋ አብዛኛው አጥቢያ አንደኛ ክፍል እንኳ አልነበረውም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪቃ መንግሥታት በዩኔስኮ ጠሪነት በአዲስ አበባ ተሰብስበው በ20 ዓመት ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉ እንዲዳረስ ሲወስኑ፣ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ራሷ በተማሪ ቁጥር ወደ መጨረሻው ከሚሰለፉት አገሮች አንዷ ሆና ተገኘች።

ከዚህ በኋላ ሥራው ተፋጠነ። አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ስድስቱም ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በስዊድን መንግሥት ርዳታም የገጠር ትምህርት ቤቶች መሠራት ጀመሩ፤ ሕዝቡ ቦታውን ሰጥቶ የድርሻውን ገንዘብና ጉልበት ሲያዋጣ የቀረው ከርዳታው ይሸፈን ነበር። ይህ አሠራር የገበሬውን የትምህርት ፍላጎት አስመስክሯል። ነገር ግን ማዋጣት የሚችለውና ሲሚንቶና ቆርቆሮ በመኪና የሚደርስለት መንደር ቀደመ፤ ጭነቱ በበቅሎና በሰው ትከሻ የሚወጣበት አምባ ተከተለ። ልዩነቱን የፈጠረው የሰው ክፋት አልነበረም፤ ርዳታውም ራሱ መንገዱን ተከትሎ ይሄድ ስለ ነበረ ነው።

ከ1964 እስከ 1983 ዓ.ም.

የገጠሩና የከተማው ትምህርት ልዩነት በግልጽ መከራከሪያ የሆነው በ1964 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ጊዜ ነው። ጥናቱ ባለው ገንዘብ ሁሉን ልጅ ለማስተማር የሚቻለው የመጀመሪያው ትምህርት አጭር፣ ይኸውም የአራት ዓመት፣ ለገጠር ኑሮም የሚስማማ ሲሆን ነው የሚል አሳብ አቀረበ። በሒሳብ ረገድ አሳቡ ትክክል ነበር። ወላጁ ግን በሌላ ዓይን አየው። ለገበሬ ልጅ አራት ዓመት፣ ለባለጸጋ ልጅ እስከ ኮሌጅ ከሆነ ትምህርት ቤቱ የልጁን ዕጣ አስቀድሞ የሚወስን ሆነ ማለት ነው ብሎ ጠረጠረ። መምህራኑም በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ የመምህራኑ አድማ ለአብዮቱ መነሣት ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ነው። የዚህ ክርክር ፍሬ ነገር እስካሁን አልተዘጋም። ለሩቁ መንደር የሚስማማ አጭር ትምህርት መስጠት መርዳት ነው ወይስ አሳንሶ ማስቀረት?

አብዮቱ ሁለቱንም ሥርዓቶች ነካ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሲወስድ የቀድሞው ትምህርት ቤት የቆመበትን መሠረት ናደው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ቁጥራቸው 60,000 ግድም የሆነ ተማሪዎችና መምህራን፣ ወደ ገጠር ወጡ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከፍቶ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በ1972 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኘ። ዘመቻው ለጎንደር ደጋ ሴቶች ትልቅ ነገር ነበር፤ ለብዙዎቹ ከፊደል ጋር የተገናኙበት የመጀመሪያው ጊዜ እርሱ ነውና። ነገር ግን ዘማቹ ሲመለስ መጽሐፍና ጋዜጣ በማይደርስበት መንደር ብዙው ሰው የተማረውን ረሳ። ይህም ሆኖ ከመንገድ የራቀው የሰሜን፣ የወገራና የጠለምት ደጋ በእነዚህ ዓመቶች የሽምቅ ጦርነት ምድር ነበረ። መንግሥት የመንገዱን ዳር ከተሞች ሲይዝ ተራራውን ሌሎች ያዙት። ስለዚህ የትምህርት ካርታው የጦርነቱን ካርታ ይመስል ነበር።

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ለውጥ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ስምንት ዓመት አድርጎ በሁለት እርከን ከፈለው፤ የመጀመሪያው ከ1ኛ እስከ 4ኛ፣ ሁለተኛው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሕዝቡም ዳስ ሠርቶ፣ ግንድና ድንጋይ መቀመጫ አድርጎ ልጁን አስገባ። በመጀመሪያው እርከን አንድ መምህር ለአንድ ክፍል ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር፣ ልጁም ከክፍል ወደ ክፍል ሳይወድቅ እንዲያልፍ ተደረገ። ትምህርት ቤቶቹ በጉድኝት ማዕከል ተደራጁ፤ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህም በጀቱን የማከፋፈል ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ። በ2010 ዓ.ም. የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ስለዚህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ትልቁ መስፋፋት በዚህ ደጋ ላይም ታየ። ይህን ማሳነስ አይገባም።

ነገር ግን የመስፋፋቱ ሐሳብ በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነበር፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ ከተሠራ ትምህርቱ ይኖራል የሚል ነው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምርመራ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ችግሩ በአማራ ክልልም ታይቷል። ይህ የሚያስተምረው ነገር አለ። ብዙ ሊቃውንት የአፍሪቃን ልጅ የንባብ ድካም ባዕድ ቋንቋ ከመጠቀም ጋር ያያይዙታል፤ አሳቡም በብዙ አገር እውነት ነው። የወገራና የሰሜን ልጅ ግን የሚማረው በእናቱ ቋንቋ ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ካላነበበ ምክንያቱ በቋንቋ ብቻ ሊፈታ አይችልም ማለት ነው።

ሦስቱ ትምህርት ቤቶች

የጎንደር ከተማን፣ የመንገድ ዳርንና ከመንገድ የራቀውን ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ስናቆም ልዩነታቸው በሦስት ነገሮች ይገለጻል፤ በመምህሩ፣ በጊዜውና በቀጣዩ ክፍል።

መጀመሪያው መምህሩ ነው። ወደ ሩቁ ትምህርት ቤት የሚላከው በተለምዶ አዲስ ተመራቂ ነው። ልምድ ሲያገኝ፣ ትዳር ሲይዝ፣ ትምህርቱን ለመቀጠል ሲያስብ ዝውውር ይጠይቃል፤ ዝውውሩም ወደ መንገዱ ነው። ስለዚህ የመንገድ ዳሩ ትምህርት ቤት የሰለጠነውን ሲቀበል ሩቁ ሁልጊዜ ጀማሪውን ያሰለጥናል። የመኖሪያ ቤት፣ መብራትና ገበያ በሌለበት ቦታ ያለ ሰው ለደመወዙና ለጉዳዩ ወደ ወረዳው ከተማ ሲወርድ ሲወጣ የሚያልፈው ቀን ከልጆቹ ቀን ይቆረጣል። አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት በሚያስተምርበት ክፍል የአንድ ሰው መጥፋት የክፍሉ መዘጋት ነው። ከተማው ግን ምትክ አያጣም። የቀድሞው መምህር በገዛ አገሩ ተተክሎ የሚኖር ሰው ነበረ፤ የዛሬው መምህር ግን መተላለፊያ ላይ ያለ ሰው ነው። ሰውን ለመውቀስ ሳይሆን ሥርዓቱን ለመረዳት ይህን መለየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። የትምህርቱ ዘመን በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ያልቃል። በደጋው ላይ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው፤ ገብሱ ልጅም ሆነ አዋቂ ሳይለይ እጅ ሁሉ ይፈልጋል። ከብቱን የሚጠብቅ እረኛም ያስፈልጋል። በከተማው መዝገብና በደጋው መዝገብ የመስከረም ቁጥር ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ በኅዳር ወንበሩን የሚቆጥር ግን ልዩነቱን ያያል። ብዙ ወላጅ ልጁን በፈረቃ ይልካል፤ አንዱ ሲማር ሌላው ይጠብቃል። ወንዱ ለእረኝነት ሲፈለግ ሴቷ በክፍል የምትገኝበት ጊዜም አለ፤ ዕድሜዋ ከፍ ሲል ግን ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይጠብቃታል። የአማራ ክልል በልጃገረድ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ከአገሪቱ በከፍተኛ ደረጃ ከሚታወቁት አንዱ ሆኖ ቆይቷልና፣ የሴት ልጅን ትምህርት በመስከረሙ መዝገብ ብቻ መመዘን ያሳስታል።

ሦስተኛው ቀጣዩ ክፍል ነው። ብዙ የሩቅ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን እርከን አስተምሮ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ልጅ ወደ ማዕከሉ ወይም ወደ ወረዳው ከተማ ይሄዳል። እዚህ ላይ ታሪክ ራሱን ይደግማል። የ13ና የ14 ዓመት ልጆች በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በአምባ ጊዮርጊስ ለሁለትና ለሦስት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ወደ መንደራቸው ወጥተው ስንቃቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ሲያልቅ ትምህርቱ ይቋረጣል። ይህ ልጅ አኮፋዳ ባይዝም የቆሎ ተማሪ ወራሽ ነው። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪውን ልመና ኅብረተሰቡ ያውቀውና ያከብረው ነበር፤ ደጁም ለእርሱ ክፍት ነበር። የዛሬው ተማሪ በከተማ ውስጥ እንግዳ ነው፤ የሚደገፍበት ልማድ አልተሠራለትም። ልጃገረዷማ በኪራይ ክፍል ስትኖር የሚያስፈራትን አባት ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙው አባትም በዚህ ምክንያት ያስቀራታል።

ስለ ንጽጽሩ ሚዛን

በ1958 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመው የኮልማን ጥናት የተማሪውን ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተ ሰቡ ሁኔታ ይወስነዋል የሚል ውጤት አሳይቶ ዓለምን አነጋገረ። በኋላ ሄይንማንና ሎክስሊ በ1975 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት በድሃ አገሮች ነገሩ የተለየ መሆኑን፣ ይኸውም የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ደረጃ የበለጠ ኃይል እንዳለው አመለከቱ። የጎንደር ደጋ ለሁለተኛው አሳብ ጥሩ ምስክር ይመስላል። የአንዱ መንደር ገበሬ ከሌላው መንደር ገበሬ በሀብትም በፊደል ዕውቀትም ብዙ አይለይም፤ ልጆቻቸው ግን በትምህርት ቤቶቻቸው ይለያያሉ። ይህ ከሆነ ደግሞ የልጁን ድካም በወላጁ አለመማር ማሳበብ የሹምን ኃላፊነት መሸፈኛ ከመሆን አያልፍም።

ነገር ግን ምን ዓይነት ትምህርት ቤት? ሩቁን ትምህርት ቤት የከተማው ትንሽ ቅጂ ለማድረግ የተደረገው ሙከራ ድካሙ ታይቷል። በኮሎምቢያ ከ1970ዎቹ የአውሮፓ ዓመቶች አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው የገጠር ትምህርት ቤት አሠራር ሌላ መንገድ ያሳያል። በዚያ ልዩ ልዩ ደረጃ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ በእጃቸው ባለ መምሪያ መጽሐፍ እየተመሩ፣ የቀደመው የኋለኛውን እየረዳ፣ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይራመዳል፤ ለመከር የቀረ ልጅ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ማስቀጸል፣ በየግል መሰማት፣ ሳያደላድሉ አለማለፍ በጎንደር ጉባኤዎች ብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ነው። መንግሥታዊው ትምህርት ቤት ይህን ልማድ ከሃይማኖቱ ትምህርት ለይቶ ሊወስደው ሲችል፣ ከነገዛ ዕቃው ወደ ጎን ትቶት አለፈ። በምትኩ የመጣው በአንድ ክፍል እስከ 50 ልጅ የሚፈቅድ፣ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ የሚያልፍ፣ በኅብረት ድምፅ የሚያስደግምና ማን እንዳነበበ ማን እንዳላነበበ የማይለይ ክፍል ነው። ልጁ ሳይወድቅ ማለፉ መልካም ሆኖ፣ የሚሰማው ጆሮ ሳያገኝ ማለፉ ግን ጉዳት ሆነ።

ይህን ስንል የቀድሞውን ሥርዓት ለመመለስ አይደለም። ሴት ልጅን ያስቀረ፣ የተለያዩ ሃይማኖቶችን ልጆች በአንድ ወንበር ያላገናኘ ሥርዓት ለዛሬ ዘመን አይበቃም። ሐሳቡ ትምህርት ቤትን በትምህርት ቤት ስንመዝን ሚዛናችንን እንድንመረምር ነው። የፈተና ውጤት ብቻ ከተወሰደ ጀማሪ መምህር እየተቀበለ ሰልጣኝ የሚያስረክበው ሩቁ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቁጥር ይይዛል፤ በዚህም ተወቅሶ የበለጠ ይጎዳል። ይልቁንም መምህሩ በዚያ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ቆየ? በኅዳርና በታኅሣሥ ስንት ልጅ ተገኘ? ልጁ ካቆመበት ክፍል በላይ ለመቀጠል ስንት ሰዓት ይጓዛል? የሚሉት ጥያቄዎች በመዝገቡ ላይ ሊጨመሩ ይገባል። ሦስቱም በየትምህርት ቤቱ ያለ ብዙ ወጪ ሊቆጠሩ የሚችሉ ናቸው።

የቅርቡ ዘመን ይህን ጉዳይ አጥብቆታል። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ወደ ሰሜን ጎንደር ሲደርስ አዲ አርቃይና አካባቢው በጦር ተያዘ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ የደባርቅና የዳባት ትምህርት ቤቶችም ለተፈናቀለው ሕዝብ መጠለያ ሆኑ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በዚህም ጊዜ የመንገዱ ሕግ አልተለወጠም። በከተማዎቹ ትምህርት በተቆራረጠ ሁኔታ ሲቀጥል ከመንገድ የራቀው ቀድሞ ተዘጋ፤ ለመከፈትም የመጨረሻው ሆነ። ሕንጻው የፈረሰበትን ለመሥራት ገንዘብ ይፈለጋል፤ ይህ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ጎንደር ከቃጠሎ በኋላ ሁለት ጊዜ ትምህርቷን ያቆመችው በሕንጻ አልነበረም። በቦታው ጸንቶ የሚቀመጥ መምህርና እርሱን ፍለጋ ለወጣው ተማሪ እንጀራ የሚሰጥ ደጅ ስለ ነበሩ ነው። በደባርቅ የኪራይ ክፍል ስንቁን እየቆጠረ የሚያድረው ልጅ ዛሬም የሚያስፈልገው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።